በጎረቤት ደጅ ጨው የላሰው ፈረስ

አንድ ሰው ነበረ። መሬት ነበረው፣ ሚስት ነበረችው፣ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ደግሞ አንድ ዳማ ፈረስ ነበረው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ወንድይፍራው፣ ኋላ ላይ «ይሄ እኔን አይመስልም» ብለህ እንዳትነሣብኝ ነው።

ጥያቄህን አልረሳሁትም። ትናንት ከቅዳሴ ስንወጣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አቁመህ እንዲህ አልከኝ፦ «ልጄ ምክሬን አልሰማ፣ አረቄ አልተው አለኝ። ስቆጣው ቤቴን ጥሎ በድንበር ከተጣላሁት ከወንድሜ ቤት ገባ። ሁለት ወሩ ነው። እዚያ አረቄውን ትቶ የወንድሜን በሬ እየጠመደ ያርሳል አሉኝ። ወንድሜ አንዳች ነገር አስነክቶብኝ ነው እንጂ የኔን ቃል እንቢ ያለ ልጅ የሱን እንዴት ይሰማል? እሑድ ሚሊሻና ሦስት ሽማግሌ ይዤ ሄጄ አመጣዋለሁ። ልክ ነኝ ወይስ አይደለሁም? ደግሞ ከሦስቱ አንዱ አንተ ሁንልኝ።»

እኔ የተማርኩት እስከ መልእክተ ዮሐንስ ነው። ዳዊት እንኳ አልደረስኩም። መጽሐፍ ጠቅሼ ልመልስልህ አልችልም። ጸልዬበት ወደ ልቤ የመጣው ይህ የፈረስ ነገር ነው። ሳታቋርጠኝ ስማኝ።

የዚያ ሰው አገር ሣሩ ለምለም ነው፣ ጨው ግን የለውም። ከብቱ ጠግቦ እየዋለ ይከሳል። ስለዚህ ያገሬው ሰው በየአሥራ አምስት ቀኑ ከብቱን ሁሉ ነድቶ ወደ ሆራ ይወርዳል። ሆራ ጨው ያለበት ምንጭ ነው። ከብቱ ከምንጩ ይጠጣል፣ ከዳሩ ያለውን ነጭ አፈር ይልሳል፣ ጠጉሩም ያበራል። ጥጃው ከእናቱ፣ ውርንጭላው ከታላላቆቹ እያየ ይልሳል። ጨው መላስን ለከብት ያስተማረ ሰው የለም።

ይህ ሰው ግን ፈረሱን ሆራ አላወረደውም። ዓይን ፈራ። ፈረሱን ገና ውርንጭላ ሳለ ገዝቶ ባመጣበት ቀን ጎረቤቱ የሆነች አንዲት ባልቴት ከደጇ ቆማ አየችውና «አቤት ማማሩ! አረማመዱስ!» አለች። «ከዓይን ያውጣው» ማለትን ረሳች። ሰው ነችና ረሳች። እሱ ግን አልረሳላትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረሱን ከሌላ ፈረስ ጋር አላሰማራውም። ቤቱ ውስጥ አሰረው። ሲያወጣውም በጓሮ ነው፣ ያውም ግንባሩ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎበት።

ዓይን የለም አልልህም። እኔም ስወጣ ስገባ ማዕተቤን ይዤ ነው። ነገር ግን ከሰው ዓይን የተሸሸገው ፈረስ፣ ሌላ ፈረስ ጨው ሲልስ አንድ ቀን እንኳ ሳያይ አደገ።

«ሆራ ካልወረደ ሆራውን ቤት ድረስ አመጣለታለሁ» አለ ሰውየው። አሞሌ ጨው ገዛ፤ ነጩንም አፈር በስልቻ አስጭኖ አመጣ። አሞሌውን በመዳፉ ይዞ አቀረበለት። ፈረሱ አሸተተ፣ የላይ ከንፈሩን ገለበጠ፣ ራሱን አዞረ። በማግስቱም እንደዚያው። በሳልስቱም እንደዚያው።

አንድ ነገር ግን ነበር። ሰውየው ከእርሻ ላቡ እየወረደ ሲገባ ፈረሱ አንገቱን ይልሰው ነበር። ከጆሮው ሥር ጀምሮ እስከ ትከሻው፣ ቀስ እያለ። ሚስቱ እያየች ትስቃለች። «እኔስ እንዲህ አልወድህም!» ትለዋለች። እሱም ይስቃል፣ አንገቱንም ዘንበል ያደርግለታል። ለካ ጨው እየሰጠው ነበር። አላወቀም።

አሞሌውን በመዳፉ እንቢ ሲለው ወቀጠው፣ ከነጩ አፈር ጋር ቀላቀለው፣ በገብሱ ውስጥ ደበቀው። የፈረስ ከንፈር ግን አይታለልም። ገብሱን ፍሬ በፍሬ ለቀመና ነጩን ከገበቴው ሥር ተወለት። ሰውየው ተናደደ፤ በማግስቱ በውሃ ለውሶ አቀረበ። ፈረሱ አንዴ ቀመሰና ተወው። በሳምንቱ ልቡ ራርቶ ጨው የሌለበት ንጹሕ ገብስ ቢያቀርብለት እሱንም አልነካም። ገበቴውን ሲያይ ወደ ኋላ ይላል። እንግዲህ ጨውን በገብስ ውስጥ የደበቀ ጊዜ ጨውን አላስወደደውም፤ ገብሱን አስጠላው።

ነገሩ በአገር ተሰማ። ሰዎች ጠላ ላይ ተቀምጠው ሲያዩት፣

«ፈረስህ መነኮሰ አሉ!» ይሉታል። «ጨው አይቀምስ፣ ከሰው አይቀላቀል!»

«እንግዲህ ቆብ ድፋለት!»

ይስቃሉ። በአደባባይ የተሳቀበት ሰው ቂሙን የሚወጣው በሳቁበት ላይ አይደለም፤ ቤቱ በታሰረው ላይ ነው። ሰውየው ሄዶ ፈረሱን አስራበው። ሦስት ቀን ሙሉ ጨው ካለበት ገብስ ሌላ ምንም አልሰጠውም። «ሲርበው ይበላል» አለ። ፈረሱ ገብሱን አልበላም። ግድግዳውን ይልስ ጀመር። የግድግዳውን ጭቃ በጥርሱ እየፋቀ ሣር ሣሩ እስኪታይ በላው። ከጭቃው ውስጥ ጨው ይፈልጋል መሰለኝ። ሰውየውም በገመድ መረብ ሠርቶ አፉን አሰረው።

ሚስቱ ይህን ስታይ አልቻለችም።

«አንተ ሰው፣ ግድግዳ የሚበላ ፈረስ ጨው የጠላ አይመስለኝም። የጠላው ያንተን እጅ ነው።»

«አንቺ ስለ ፈረስ ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ ፈረስ አላውቅም፤ ስለ አንተ አውቃለሁ» አለችው።

ያቺም ባልቴት ሰማች። እሷ አንዲት ያረጀች ባዝራ፣ ሴት ፈረስ፣ ነበረቻት፤ ጥርሷ ያለቀ፣ ከንፈሯ የተንጠለጠለ። ሆራ መውረድ ስላቃታት አንድ አሞሌ በደጇ ድንጋይ ላይ አስቀምጣላት ነበር፤ ባዝራዋ ደስ ባላት ጊዜ መጥታ ትልሳለች። ባልቴቲቱ ወደ ሰውየው አጥር መጣችና ከውጭ ቆማ፣

«አያ፣ አንድ ነገር ልበልህ፣ አትቆጣኝ» አለችው። «ፈረስህን አንድ ቀን ከባዝራዬ ጋር አውለው። እሷ ስትልስ አይቶ ይልሳል። አንተ እጅህን አትዘርጋለት። ጨውን አስቀምጥለትና ሂድ። ፈረስ እኮ እንደ ሙሽራ ነው፣ ቆመው ሲያዩት አይበላም።»

ቀና ምክር ነበር። ሰውየው ግን የሰማው ምክሩን አይደለም፤ የያኔውን «አቤት ማማሩ» ነው።

«ያኔ በዓይንሽ መጣሽ፣ ዛሬ ደግሞ በጨውሽ መጣሽ? ፈረሴን በአፍሽ አታንሺው!»

«እሺ፣ ፈረሱስ ያንተው ነው» አለችና ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው መጋት ጀመረ። ጨውንና አፈሩን በውሃ በጥብጦ፣ የፈረሱን ማሰሪያ በቤቱ ወራጅ ላይ አሳልፎ፣ ራሱን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ በበሬ ቀንድ በጉሮሮው ያንቆረቁርለታል። ሚስቱ ገመዱን ትይዛለች፣ ፊቷን ግን አዙራ ነው። ግማሹ ይፈሳል፣ ግማሹ ይገባል። ሰውየው «ይኸው፣ ገባለት!» ይላል። እውነቱን ነው፣ ገብቶለታል። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረሱ የሰውየውን ሳል ከደጅ ሲሰማ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል። ላቡ እየወረደ ሲገባ ፊቱን ወደተፋቀው ግድግዳ ያዞራል። አንገቱን መላስ ተወ። ሰውየው ይህን አስተውሎ እንደሆነ እንጃ። ሚስቱ ግን መሳቅ ተወች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሰውየውና ሚስቱ ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ። ቤት ማንም አልነበረም። በተመለሱ ጊዜ ማሰሪያው ተበጥሶ፣ የአፉ መረብ መሬት ወድቆ አገኙ። ፈረሱ የለም። ሰውየው ኮቴውን ተከተለ። ኮቴው ሩቅ አልሄደም። በአጥሩ ቀዳዳ ወጥቶ ወደ ባልቴቲቱ ደጅ ገብቷል።

ፈረሱ ከባዝራዋ ጎን ቆሟል። ባዝራዋ አሞሌውን በአንድ ወገን ትልሳለች፣ እሱ በሌላው ወገን ይልሳል። ዓይኑን ጨፍኗል። ምራቁ በድንጋዩ ላይ ይወርዳል። ባልቴቲቱ ደጇን ስትጠርግ ደርሶባት ኖሮ መጥረጊያዋን እንደያዘች ሩቅ ቆማ ቀርታለች፤ እንዳይደነብር ብላ እግሯን እንኳ አላነሣችም። ሰውየውን ባየችው ጊዜ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ዝም በል፣ አትቅረበው፣ እየላሰ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በልና አስብ፣ ወንድይፍራው። ያ ሰው ስንት ወር ሙሉ ሲመኝ፣ ሲለምን፣ ሲቆጣ የከረመው ይህን ነበር። ፈረሱ ጨው ይልስ ዘንድ ነበር። ይኸው ላሰ። እግዚአብሔር የለመነውን ሰጠው። ያን ጊዜ ቆቡን አውልቆ ቢያመሰግን ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ባለቀ ነበር፣ እኔም ለሰው የምነግረው ነገር ባልኖረኝ።

ደስ አላለውም። ፊቱ ጠቆረ። «ከኔ እጅ እንቢ ያልከውን ከሷ ደጅ?» አለ። ለፈረስ ነው እንዲህ የሚለው። ሄዶ ጋማውን ጨበጠ። ፈረሱ ደነገጠ፣ ባዝራዋ ሸሸች። ባልቴቲቱ «አያ፣ በማርያም ተወው፣ ትንሽ ይጨርስ!» ብትለውም አልለቀቀውም። በጋማው እየጎተተ ወደ ቤቱ አገባው።

ሚስቱ ገመዱን አልይዝም አለች። «ዛሬስ አልይዝም» ብላ ከቤት ወጣች። ሰውየው ሌላ ጎረቤቱን ጠራ፤ የዕድሜ እኩያው፣ በደቦ የሚረዳዳው፣ በአንድ ጽዋ ማኅበር አብሮት የሚጠጣ ሰው ነበር።

«ራሱን ያዝልኝ፣ ብቻዬን አልችለውም።»

ጎረቤቱ ገብቶ ፈረሱን አየ፤ ከከንፈሩ ላይ ገና የጨው ነጭ አለ።

«ዛሬ እኮ ልሷል» አለው። «አሁን ደግሞ ምን ያደርግለታል?»

«የላሰው የሷን ነው» አለ ሰውየው። «የኔን ይላስ።»

ጎረቤቱ ይህን ሲሰማ ልቡ ነገረው። ግን አንዴ ተናግሮ ዝም አለ። ወዳጁን ማስቀየም ፈራ። «የሰው ንብረት ነው፣ እኔ ምን አገባኝ» አለ በልቡ። ገመዱንም ተቀብሎ ሳበ። ፈረሱ ጠግቦ ስለነበር አፉን አጥብቆ ዘጋ፤ ሰውየው ደግሞ ተናዶ ስለነበር ገመዱን ከወትሮው አብልጦ አስሳበው። የፈረሱ ራስ እስከ ወራጁ ቀና አለ። አንድ ቀንድ አንቆረቆረ። ሁለተኛውን ሲያንቆረቁር ፈረሱ ሳለ። ሰውየው አላቆመም። ነጩ ውሃ በአፍንጫው ቀዳዳ ተመልሶ ወጣ። ሰውየው «ልቀቀው!» ሲል ያን ጊዜ ነው ጎረቤቱ የለቀቀው። አስቀድሞ ሊለቀው ይችል ነበር፤ ገመዱ በእጁ ነበርና።

ውሃው ወደ ሳንባው ወርዶ ኖሯል። ፈረሱ በዚያው ዕለት ይስል ጀመር። የሰው ሳል ይመስላል፣ የሽማግሌ ሳል። በማግስቱ ቆሞ መዋል አቃተው። ሰውየው ያን ጊዜ ሁሉን አቀረበለት፤ ንጹሕ ገብስ፣ እርጥብ ሣር፣ ጠበል። ከአጠገቡ ተቀምጦ ላብ የሌለበትን አንገቱን ወደ አፉ ዘንበል አደረገለት። ፈረሱ ሊዞር ሞከረ፣ ለመዞር አቅም አጣ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። አራት ሰው በገመድ ጎትቶ ከመንደር አወጣውና ለጅብ ጣለው። አንገቱን ይልስ የነበረውን ያን ምላስ ጅብ በላው።

ሞቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሰውየው ሊያስተዛዝኑት ለመጡት ሁሉ «ዓይን በላው» አላቸው። «ደጇ በገባ በሦስተኛው ቀን ሞተ፣ ቁጠሩት!» አለ። ሰው ቆጠረ፤ ሦስት ሆነ። ከዚያ በኋላ ከባልቴቲቱ ቤት እሳት የሚጭር ጠፋ። የጻድቁን ዝክር አዘጋጅታ ብትጠራ የሚቀምስላት አላገኘችም፤ ዳቤዋ ሳይቆረስ ደረቀ። ክረምቱ ሳይገባ ባዝራዋን እየሳበች ወደ ዘመዶቿ አገር ሄደች። አሞሌውን ከድንጋዩ ላይ አላነሣችውም። ማንም ሊነካው ስላልደፈረ እዚያው ተቀምጦ የሰኔ ዝናብ አሟሟው።

ፈረሱ በምን እንደ ሞተ የሚያውቁ ሰዎች ሦስት ነበሩ። ሰውየው ዋሸ። ሚስቱ አለቀሰች እንጂ ባሏን በአደባባይ አላዋረደችም። ሦስተኛው ያ ገመድ የያዘው ጎረቤት ነው። እሱም ዝም አለ።

ወንድይፍራው፣ ያ ጎረቤት እኔ ነኝ።

ለነፍስ አባቴ ተናግሬያለሁ። ስግደት ሰጥተውኛል፣ ሰግጄ ጨርሻለሁ። ባልቴቲቱን ይቅርታ ልጠይቅ ዘመዶቿ አገር ድረስ በእግሬ ብሄድ ሞታ ደረስኩ። የፈረሱ ሳል ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ቅዳሴ ቆሜ ከኋላዬ ሽማግሌ ሲስል እንኳ ዞር ብዬ አያለሁ።

አሁን ጥያቄህን ልመልስልህ። ፈረሱ ልጅህ ነው። ጨው ምክርህ ነው። ጨውነቱን አልክድህም፤ አረቄ ተው ማለትህ እውነት ነው፣ ልጅ ያለዚያ ጨው ይከሳል። ግን አንተ ቤት ስንት ጊዜ በልቻለሁ? ማዕዱ በቀረበ ቁጥር ተግሳጹ አብሮ ይቀርብ ነበር። አንድ ቁራሽ ሲያነሣ «የሰካራም እጅ!» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምክሩን አላስወደድከውም፤ እንጀራህን አስጠላኸው። ቀድሞ ደግሞ ትከሻህ ላይ ተቀምጦ ገበያ ትሄዱ ነበር፣ አንድ ቃል ሳትመክረው ያንተን አረማመድ ይራመድ ነበር። ያን ጊዜ ነው ጨው ትሰጠው የነበረው።

አሁን ከወንድምህ ደጅ እየላሰ ነው። ወንድምህ ምን አስነካው? በሬ አስነካው፣ ሞፈር አስነካው። አስቀመጠለትና ዞር አለ። የለመንከው ተሰጠህ፤ የተሰጠህ ግን በማትወደው ሰው ደጅ ነው፣ የተናደድከውም በዚህ ነው። ጨው የወንድምህ አይደለም፣ ያንተም አይደለም። ከምድር ያወጣው ሌላ ነው፣ በፈለገው ድንጋይ ላይ ያኖረዋል። እሑድ ሚሊሻ ይዘህ የምትሄደው አረቄ እንዲተው አይደለም፤ እሱንማ ትቷል። የምትሄደው «የላሰው የሱን ነው፣ የኔን ይላስ» ልትል ነው።

ልጄ ፈረስ አይደለም፣ አይሞትም ትለኝ ይሆናል። በሚሊሻ ተይዞ በመንደር መሀል ሲያልፍ ከቤትህ በፊት የሚያገኘው አረቄ ቤቱን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ፣ አረቄ የቀጠፈውን የታላቅ ወንድሙን መቃብር ያሠራኸው አንተ ነህ።

መሄድ ካማረህ ብቻህን ሂድ። ወንድምህ ማሳ ዳር ሩቅ ቁም፣ ያቺ ሴት መጥረጊያዋን ይዛ እንደ ቆመችው። ሲያርስ እየው። ቀና ብሎ ካየህ ሰላም በለው፣ ካላየህ ዝም ብለህ ተመለስ። ሲመሽብህ ለወንድምህም ጸልይለት፤ መጀመሪያ አፍህ እንቢ ይልሃል፣ ግድ የለም።

ለእሑዱ ግን ሌላ ሽማግሌ ፈልግ። ገመድ የሚይዝልህ አታጣም፤ አገሩ ገመድ ያዥ ሞልቶታል። እኔ አንድ ጊዜ ይዣለሁ።